ቆሮንቶስን የምንሰብክበት መንገድ፦ ከወልድያና ከመርሳ ሲነበብ

በአንደኛ ቆሮንቶስ ላይ የሚሰበክ ስብከት በብዙ አጥቢያዎቻችን አንድ ዐይነት መግቢያ አለው። ሰባኪው ክፍሉን ከማንበቡ በፊት ስለ ከተማይቱ ይተርካል። ቆሮንቶስ የወደብ ከተማ ነበረች፤ መርከበኞች ገንዘባቸውን የሚያፈስሱባት፣ በተራራዋ ራስ ላይ የአፍሮዲት ቤተ መቅደስ የቆመባት፣ በዚያም አንድ ሺህ ሴቶች ዝሙትን እንደ አምልኮ የሚፈጽሙባት፣ ስሟ ራሱ የሴሰኝነት መጠሪያ የሆነ ከተማ ነበረች ይላል። ቀጥሎም ዛሬ የቀረው ፍርስራሿ ብቻ እንደ ሆነ ያስታውሳል። በመጨረሻ ወደ ጉባኤው ዞሮ፣ የእኛስ ከተማ ከዚህች በምን ትሻላለች ብሎ ይጠይቃል። መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ጉባኤውም ያውቀዋል።

ይህን መግቢያ ያልሰማ የዚህ መጽሔት አንባቢ ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መግቢያውን መመርመር ነው። ሦስት ጥያቄዎች እናቀርብለታለን። ታሪኩ እውነት ነውን? ከመልእክቱ አሳብ ጋር ይስማማልን? በሚሰበክበት ስፍራ ምን ያደርጋል? ለሦስተኛው ጥያቄ ስፍራ ያስፈልገናልና ሰሜን ወሎን፣ በተለይም ወልድያን፣ መርሳንና የሀብሩን ገጠር እንያዝ። ከተማ በመንገድ ላይ በበቀለበት፣ ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ግቢ በሚኖርበት፣ ሥጋው የማን እጅ እንዳረደው በሚጠየቅበት አገር ይህ መልእክት ከየትም ይልቅ ቀርቦ ይነበባል።

የአንድ ሺህ ሴቶች ነገር ከየት መጣ?

የቁጥሩ ምንጭ አንድ ሰው ነው፤ ስትራቦን የተባለው የግሪክ የመልክዓ ምድር ጸሐፊ። ስትራቦን ቆሮንቶስን ዳግመኛ ከተሠራች ብዙም ሳይቆይ በዐይኑ አይቷታል። ስለ ሺህ ሴቶች የጻፈው ግን ስላያት ከተማ አይደለም፤ እርሱ ሳይወለድ ስለ ጠፋችው ጥንታዊት ከተማ ነው። በራሱ ዘመን በተራራው ጫፍ ላይ የነበረውን ሲገልጽ የሚናገረው ስለ አንድ ትንሽ ቤተ መቅደስ ብቻ ነው።

ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ጥንታዊቷን ቆሮንቶስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ146 የሮማው ጦር መሪ ሉክዮስ ሙምዮስ አጠፋት፤ ወንዶቿ ተገደሉ፣ ሴቶቿና ልጆቿ ለባርነት ተሸጡ። ስፍራው መቶ ዓመት ያህል ከተማ ሳይሆን ቆየ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዩልዮስ ቄሣር የሮማ ቅኝ ከተማ አድርጎ እንደ ገና መሠረታት። ጳውሎስ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ50 ገደማ ነው። እንግዲህ በመግቢያው በምንተርካት ከተማና ጳውሎስ በገባባት ከተማ መካከል ሁለት መቶ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ፣ አንድ ጥፋትና አንድ ዳግም ምሥረታ አለ። የዛሬዋን ወልድያ ስለ የጁ መሳፍንት ዘመን በተወራ ወሬ ለመግለጥ እንደ መሞከር ነው። ለጥንታዊቷም ከተማ ቢሆን የሺህ ሴቶቹን ነገር ብዙ የዘመናችን ታሪክ ጸሐፊዎች ይጠራጠሩታል። ጀሮም መርፊ ኦኮነር የጳውሎስን ቆሮንቶስ ከጥንት ጽሑፎችና ከቁፋሮ ውጤቶች ጋር አገናኝቶ የጻፈው መጽሐፍ ከታተመ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ይህ ክርክር በሴሚናሪዎች የታወቀ ነው። ከመማሪያ ክፍል ወደ መድረክ የሚወስደውን መንገድ ግን ገና አልጨረሰም።

የከተማይቱ ስም ለሴሰኝነት ግሥ ሆነ የሚለውም ታሪክ ምንጭ አለው፤ ምንጩ ግን አቴና ነች። ቃሉ ከአሪስቶፋኒስ፣ ከአቴናው የቀልድ ተውኔት ጸሐፊ ጋር ይያያዛል። አቴናና ቆሮንቶስ የንግድ ባላንጣዎች ነበሩ፤ በእርሱ ዘመን በነበረው ረጅም ጦርነትም በተቃራኒ ወገን ተሰልፈዋል። በአገራችንም አንዱ አውራጃ በሌላው ላይ ምን ያህል ቀልድ እንደሚፈጥር፣ ወሎዬ የሆነ ሰው በተለይ ስለ አገሩ ሴቶች ምን ሲባል እንደሚሰማ እናውቃለን። ጎረቤት ለጎረቤት ያወጣው ስም የከተማ ታሪክ አይሆንም።

ይህን ስንል ቆሮንቶስ የቅዱሳን መንደር ነበረች ማለታችን አይደለም። በምዕራፍ 5 እና 6 የምናነበው ኃጢአት እውነተኛ ነው፤ ጳውሎስም አላለዘበውም። ነገር ግን በሮማ ግዛት ካሉት ሌሎች ትልልቅ የወደብ ከተሞች ይልቅ ቆሮንቶስ የተለየች የዝሙት ማዕከል ነበረች ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ የለንም።

ጳውሎስ የገባባት ከተማ

ታዲያ ቆሮንቶስ ምን ነበረች? ከሁሉ በፊት መንገድ ነበረች። የግሪክን ዋና ምድር ከፔሎፖኔዝ ጋር የሚያገናኘው ልሳነ ምድር በጠባቡ ስፍራ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከተማይቱ በምዕራብ በኩል ሌካዮን፣ በምሥራቅ በኩል ክንክራኦስ የተባሉ ሁለት ወደቦች ነበሯት። ፌቤን ያገለገለችባት ቤተ ክርስቲያን የነበረችው በዚህችው በምሥራቁ ወደብ ነው (ሮሜ 16፥1)። ከጣልያን ወደ እስያ የሚሄድ ዕቃ፣ ወሬና ሰው በዚህች ከተማ ያልፍ ነበር።

ሁለተኛ፣ የአዲስ ሰዎች ከተማ ነበረች። ቄሣር ካሰፈራቸው ብዙዎቹ ከባርነት ነጻ የወጡ ሰዎች ነበሩ። የአያት ስም የሌለው ሰው በንግድ ስም የሚያወጣባት ስፍራ ሆነች። በመልእክቶቹ ከምናገኛቸው ስሞች ጋይዮስ፣ ቀርስጶስ፣ ፈርዶናጥስና ጤርጥዮስ የላቲን ስሞች መሆናቸው ይህን ያንጸባርቃል። አቂላና ጵርስቅላም ከሮም ተባርረው የመጡ፣ ድንኳን በመስፋት የሚተዳደሩ ስደተኞች ነበሩ (ሐዋ. 18፥2-3)። ከቁፋሮ የተገኘ አንድ የላቲን ጽሑፍ ኤርስጦስ የሚባል ሰው ሹመት ባገኘ ጊዜ የድንጋይ ንጣፍ በራሱ ገንዘብ ማሠራቱን ይናገራል። በሮሜ 16፥23 የተጠቀሰው የከተማይቱ ሹም እርሱ ይሁን አይሁን ምሁራን አልተስማሙም። ጽሑፉ ግን የከተማይቱን ጠባይ ያሳያል፤ ክብር በገንዘብ ይገኛል፣ ስምም በድንጋይ ይቀረጻል።

አሁን መልእክቱን ከዚህ አንጻር አንብቡት። እኔ የጳውሎስ ነኝ፣ እኔ የአጵሎስ ነኝ የሚለው ክርክር፣ የንግግር ጥበብን ማምለክ፣ ወንድም ወንድሙን በፍርድ ቤት መክሰሱ፣ በጌታ እራት አንዱ ሲጠግብ ሌላው መራቡ፣ በጸጋ ስጦታ መበላለጥ፣ ሁሉም የአንድ በሽታ ምልክቶች ናቸው። በሽታው የክብር ፉክክር ነው። ዝሙት ከምልክቶቹ አንዱ ነው፤ መልእክቱን ሁሉ የሚከፍት ቁልፍ ግን አይደለም። የአንድ ሺህ ሴቶች መግቢያ አንባቢውን በተሳሳተ በር ያስገባዋል። ከምዕራፍ 1 እስከ 4 ያለውን፣ ማለትም የአገልጋዮችን ስም እያነሡ ስለ መከፋፈል የተጻፈውን፣ ተሻግሮ ወደ ምዕራፍ 6 ያደርሰዋል። ለእኛ ለአገልጋዮች ይህ መሻገር የሚመች መሆኑን ልብ በሉ።

ወልድያም መንገድ የሠራት ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በደሴ አድርጎ ወደ መቀሌ የሚወጣው ጎዳና እና ወደ ምዕራብ ተራራውን ወጥቶ በደብረ ታቦር ወደ ወረታ የሚሄደው መንገድ የሚገናኙት በእርሷ ነው። ወደ ላሊበላ የሚሄድ እንግዳም በእርሷ ያልፋል። ከእርሷ በስተ ደቡብ በዚሁ ጎዳና ላይ ያለችው መርሳ የሀብሩ ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ገበሬው ማሽላውንና ጤፉን ይዞ ይወርድባታል፣ የጭነት መኪና ሾፌር ያድርባታል፣ በአቅራቢያዋ የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ይገኛል። ሾፌር ባለበት ምግብ ቤት አለ፤ ምግብ ቤት ባለበት አልጋ፣ አልጋ ባለበትም ቡና ቤት አለ። ሰባኪው እነዚህን አይቶ «ቆሮንቶስ!» ለማለት ብዙ አይቸገርም።

ፍርዱ በማን ላይ ነው?

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። መግቢያው ከመልእክቱ አሳብ ጋር ይስማማልን? እዚህ ላይ ችግሩ ከታሪክ ስሕተት ይከፋል።

ጳውሎስ በ5፥9-13 ቀደም ሲል የጻፈውን ነገር ሲያብራራ፣ ከዚህ ዓለም ሴሰኞች ጋር ፈጽሞ እንዳይገናኙ ማዘዙ እንዳልነበረ ይነግራቸዋል፤ እንዲያማ ቢሆን ከዓለም መውጣት ይኖርባቸው ነበር። በውጭ ያሉትን መፍረድ የእርሱ ሥራ አይደለም፤ በእነርሱ ላይ የሚፈርድ እግዚአብሔር ነው። የቤተ ክርስቲያን ፍርድ በውስጥ ባሉት ላይ ነው። ይህ ከመልእክቱ ግልጽ ክፍሎች አንዱ ነው። እኛ ግን መልእክቱን ከተማን ለመክሰስ እንጠቀምበታለን፤ ተከሳሹን ከወንበሩ አስነሥተን ምስክር እናደርገዋለን።

በምዕራፍ 5 የተከሰሰው ማን ነው? የአባቱን ሚስት የያዘ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው፤ ከእርሱም ጋር በዚህ የታበየችው ጉባኤ። በምዕራፍ 6 የተገሠጸውስ ማን ነው? ወደ ጋለሞታ የሚሄደው ወንድ ምእመን ነው። ጳውሎስ ስለ ሴቲቱ አንድም የክስ ቃል አልጻፈም። የእኛ መግቢያ ግን አንድ ሺህ ሴቶችን አቁሞ ይጀምራል፤ ወንዶቹን ምእመናን ከጀርባቸው ይደብቃል።

ይህ በወልድያ ወይም በመርሳ ሲሰበክ ምን ያደርጋል? በመንገድ ዳር ቡና ቤት የምትሠራ ሴት አንዳንዴ በቤተ ክርስቲያናችን የኋላ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ወደዚያ ሥራ ያደረሳት ድርቅ ወይም ጦርነት፣ አለዚያም የትዳር መፍረስ ሊሆን ይችላል። ሰባኪው ስለ ቆሮንቶስ ሴቶች ሲናገር ጉባኤው ወደ የት እንደሚያይ ታውቃለች። ወደ እርሷ ሲመላለስ የነበረው ወንድም ግን በፊት ወንበር ላይ «አሜን» ይላል። ጳውሎስ በ6፥11 ከእናንተ አንዳንዶቹ እንደነዚህ ነበራችሁ ያለው ለሁለቱም ነው፤ ታጥባችኋል፣ ተቀድሳችኋል ያለውም ለሁለቱም ነው። ስብከቱ ግን ለአንዷ ክስ፣ ለሌላው መደበቂያ ይሰጣል።

ምናልባት አንድ አንባቢ እንዲህ ይል ይሆናል፤ የታሪኩ ዝርዝር ቢሳሳትም ትምህርቱ ትክክል ነው፣ ሕዝቡም ከዝሙት ይሸሻል። መልሳችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ እውነትን በውሸት ምሳሌ ማገልገል አይገባም፤ ዛሬ በሞባይል ስልኩ የሚያጣራ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለ ስትራቦን የነገርነው የተሳሳተ መሆኑን ሲያውቅ ስለ ትንሣኤ የነገርነውን እንዲያምን እንዴት እንጠብቃለን? ሁለተኛ፣ ትምህርቱም ቢሆን ትክክል ሆኖ አልቀረም። ከዝሙት ሽሹ የሚለው ትእዛዝ ከተማይቱን ናቁ ወደሚል ተለውጧል።

ሦስት ማዕዶች

መልእክቱ ሰሜን ወሎን በቀጥታ የሚነካው ከምዕራፍ 8 እስከ 10 ባለው ክፍል ነው። የሚያስገርመው ግን ይህ ክፍል ከቆሮንቶስ ስብከቶቻችን ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነው። አዲስ አበባ ተቀምጦ ለጣዖት ስለ ተሠዋ ሥጋ የሚያነብ ሰው ጉዳዩ ያለፈበት ይመስለዋል። በወልድያ ግን ሥጋ ቤት የሚገባ ሰው ሁሉ የሥጋውን ሃይማኖት ያውቃል። የክርስቲያን ሥጋ ቤትና የሙስሊም ሥጋ ቤት የተለያዩ ናቸው። ሰርግ ሲደገስ ለሁለቱም ወገን ለየብቻ ይታረዳል፤ ክርስቲያኑ ለሙስሊም ጎረቤቱ በሬውን ወይም በጉን ሰጥቶ በእርሱ እጅ ያሳርዳል፣ ሙስሊሙም እንዲሁ ያደርጋል። ይህ የወሎ ሰው ከብዙ ትውልድ የመማር ጥበብ ነው፤ ማንም ሃይማኖቱን ሳይለቅ ሁሉም ከአንድ ድግስ ይጠግባል።

በዚህ መካከል ወንጌላዊው ክርስቲያን የት ይቀመጣል? በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ በአማራ ክልል ወንጌላውያን ከመቶ አንድ እንኳ አልሞሉም። እንግዲህ የሚቀመጠው ብዙውን ጊዜ ብቻውን ነው። ሁለት ዐይነት ምክር ይሰጠዋል። አንደኛው፣ የሌላ እምነት ሰው ያረደው ሁሉ የአጋንንት ማዕድ ነውና አትንካ ይለዋል። ሁለተኛው፣ አንተ በክርስቶስ ነጻ ነህና ሁሉንም ብላ፣ እንዲያውም ነጻነትህ እንዲታይ በፊታቸው ብላ ይለዋል። ሁለቱም 1ኛ ቆሮንቶስን ይጠቅሳሉ። ሁለቱም ግን ጳውሎስ የለያቸውን ሦስት ማዕዶች ያምታታሉ።

የመጀመሪያው ማዕድ በጣዖት ቤት ውስጥ የሚበላው ነው (8፥10፤ 10፥14-22)። ይህ የአምልኮ ማዕድ ነው፤ ጳውሎስ በዚህ አይደራደርም፤ ከጌታ ማዕድና ከአጋንንት ማዕድ በአንድነት መካፈል አይቻልም። ሁለተኛው በሥጋ ገበያ የሚሸጠው ነው (10፥25)። ከቆሮንቶስ ቁፋሮ የተገኘ የላቲን ጽሑፍ ቁራጭ በከተማይቱ እንዲህ ያለ ገበያ መኖሩን ይመሰክራል፤ ጳውሎስም የተጠቀመበት ስም ከዚያው ከላቲኑ ጋር አንድ ነው። በዚያ የሚሸጠውን ከየት መጣ ሳይሉ መብላት ይቻላል፤ ምድር የጌታ ናትና። ሦስተኛው የማያምን ሰው በቤቱ ጋብዞ የሚያቀርበው ነው (10፥27-29)። ያንንም ሳይመረምሩ ይበሉ ዘንድ ተፈቅዷል፤ አንድ ሰው ተነሥቶ ይህ የተሠዋ ነው ካለ ግን፣ ስለ ተናገረው ሰው ሕሊና ይተዉታል።

እስቲ ይህን ወደ ሀብሩ እናምጣው። የመጀመሪያውን ማዕድ የሚመስለው የትኛው ነው? የጎረቤት የሰርግ ድግስ አይደለም። ለዛር ወይም ለቆሌ ተብሎ፣ መልኩ ተመርጦ የሚታረደው ገብስማ ዶሮ ወይም በግ ነው። ይህን ማዕድ ክርስቲያን የሚባለውም ሙስሊም የሚባለውም በስውር ይቀርብበታል። የጳውሎስ ከልካይ ቃል የሚሠራው እዚህ ነው። በሰባኪያችን አንደበት ግን ቃሉ ቦታውን ለቆ የሙስሊም ጎረቤት ምሳ ላይ ይወርዳል። ጎረቤቱ በአንድ አምላክ ስም ለምግብ ያረደውን በግ፣ በጣዖት ፊት ከቀረበ መሥዋዕት ጋር አንድ ማድረግ የክፍሉ ትርጓሜ አይደለም።

ሁለተኛው ምክር፣ ነጻነትህ እንዲታይ ብላ የሚለው፣ ከዚህ ያነሰ ስሕተት አይደለም። በወሎ የሙስሊም ሥጋ መብላት ምግብ መብላት ብቻ አይደለም፤ ንግግር ነው። ከኦርቶዶክስ ቤት የወጣ ወጣት ያንን ሥጋ ሲበላ እናቱ የምትሰማው ልጄ በክርስቶስ ነጻ ሆነ የሚል አይደለም፤ ልጄ ሰለመ የሚል ነው። ከሙስሊም ቤት መጥቶ ጌታን ያመነ ሰውም በክርስቲያን የታረደውን በአባቱ ፊት ሲበላ፣ ስለ ኢየሱስ አንድ ቃል ሳይናገር በሩን ዘግቷል። ጳውሎስ በምዕራፍ 9 ከሁሉ ነጻ ሆኖ ሳለ ራሱን ለሁሉ ባሪያ እንዳደረገ የሚናገረው በምዕራፍ 8 እና 10 መካከል ገብቶ ነው፤ ምዕራፉ የሥጋውን ጥያቄ ለመመለስ እንጂ ለብቻው እንዲሰበክ አልተጻፈም።

የጾሙም ነገር እንዲሁ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ይዘጋል። በተከራየበት ግቢ፣ ጎረቤቶቹ ሽሮ በሚሠሩበት ሰዓት፣ የጥብስ ሽታ የሚያወጣ ወንጌላዊ ኃጢአት ሠርቷልን? ምግብ ወደ እግዚአብሔር እንደማያቀርብ ጳውሎስ በ8፥8 ተናግሯል፤ በመብላቱ አልበደለም። በሚቀጥለው ቁጥር ግን ይህ መብት ለደካሞች ዕንቅፋት እንዳይሆን ያስጠነቅቃል። በዚያ ግቢ ሰው ከወንጌሉ በፊት ሽታውን ይሰማል። ከዚያ በኋላ በቅሬው ውስጥ፣ በለቅሶውና በቀብሩ፣ ጴንጤ ጾም የሚያፈርስ ሰው ነው ከሚለው ወሬ ሌላ የሚሰማ ነገር አይኖርም።

ታዲያ ብላ ወይስ አትብላ? ጳውሎስ ለሁሉ የሚሆን አንድ ትእዛዝ አልሰጠም፤ ጥያቄ አስተማረ። ማዕዱ የአምልኮ ነው ወይስ የምግብ? ማን አብሮኝ ተቀምጧል? ስበላ ወይም ስተው እርሱ ምን ይሰማል? ይህን ጥያቄ የሚመልሰው በአዲስ አበባ ያለ ሰባኪ ሳይሆን በመርሳ ያለ ምእመን ነው፤ እርሱ ሕሊናውን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱን ሕሊና ያውቃልና።

ፍርስራሿና ነዋሪዋ ከተማ

የመግቢያው መደምደሚያ ቆሮንቶስ በኃጢአቷ ጠፍታ ፍርስራሽ ሆነች የሚል ነበር። ይህም አይጸናም። በ146 የጠፋችው ከሮም ጋር በተዋጋው የአካይያ ኅብረት ውስጥ ስለ ነበረች ነው፤ ያም ከጳውሎስ በፊት ነው። ከጳውሎስ በኋላ ከተማይቱም ቤተ ክርስቲያኗም ኖረዋል። በአንደኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ከሮም የተላከው፣ የቀሌምንጦስ የሚባለው መልእክት እንደ ገና ስለ መከፋፈል ይገሥጻቸዋል፤ ስለ ሺህ ሴቶች አይደለም። በ170 ገደማ ጳጳሷ የነበረው ዲዮናስዮስ ይህ መልእክት አሁንም በጉባኤያቸው እንደሚነበብ መጻፉን አውሳቢዮስ አቆይቶልናል። ተግሣጽን ከሰባ ዓመት ገደማ በኋላም አውጥታ የምታነብ ቤተ ክርስቲያን የውድቀት ምሳሌ ብቻ ተደርጋ ልትነገር አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ1147 የሲሲሊ ኖርማኖች ዘረፏት፤ በ1458 ኦቶማኖች ያዟት፤ በ1858 የመሬት መንቀጥቀጥ አፈረሳት። ሕዝቧም ጥቂት ኪሎ ሜትር ፈቀቅ ብሎ በባሕሩ ዳር አዲሲቱን ቆሮንቶስ ሠራ። በ1928 እርሷም በመንቀጥቀጥ ወደቀች፤ እንደ ገና ተሠራች። ዛሬ ወደ 30,000 የሚጠጋ ሕዝብ ይኖርባታል፤ በሐዋርያው ጳውሎስ ስም የተሰየመ ካቴድራል አላት። አሜሪካውያን አርኪዎሎጂስቶች ከ1896 ጀምሮ በሚቆፍሩት ፍርስራሽ አጠገብም የአሮጌዋ ቆሮንቶስ መንደር ሰው አለባት። ኔሮን በ67 ልሳነ ምድሩን ሊያስቆፍር ጀምሮ የተወው ቦይ በ1893 ተከፈተ፤ 6.3 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ለዘመናችን ትልልቅ መርከቦች ግን የሚጠብብ ቦይ ነው። ከተማን የሚያነሡና የሚጥሉ ነገሮች ብዙ ናቸው፤ መንገድ፣ ጦርነት፣ የምድር መናወጥ፣ የነገሥታት ውሳኔ።

ይህ ለሰሜን ወሎ የታሪክ ማስታወሻ ብቻ አይደለም። በ1965 እና 1966 ዓ.ም. ረሀብ የወሎ ገበሬ በዚሁ ዋና ጎዳና ዳር ወደቀ፤ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ደገመው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያ በጦርነት ተይዛ ቆየች። በሀብሩ በጃራ መጠለያ ከቀያቸው የተፈናቀሉ ወገኖች ሰፍረዋል። ከዚያም በኋላ የተኩስ ድምፅ ከአካባቢው አልራቀም። በዚህ ሁሉ መካከል፣ ይህ የደረሰባችሁ በኃጢአታችሁ ነው የሚል ስብከት ከሩቅ ይሰማል፤ ቆሮንቶስም ምሳሌ ሆና ትጠራለች። ጌታ ግን በሰሊሆም ግንብ ስለ ሞቱት ሲናገር (ሉቃ. 13፥1-5) ከሌሎች ይልቅ በደለኞች ነበሩ የሚለውን ግምት ውድቅ አደረገ፤ የንስሓ ጥሪውንም ወደ ሰሚዎቹ መለሰ። ቤቱ የፈረሰበት ሰው ፊት ቆመን የቤቱን መፍረስ የምንተረጉም ሰባኪዎች ይህን ክፍል ደጋግመን ልናነበው ይገባል።

መግቢያውን ምን ይተካው?

አንባቢ ሆይ፣ መግቢያ አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። መልእክቱ ለተወሰነች ከተማ ተጽፏልና ከተማይቱን ማወቅ የሥነ አፈታት ግዴታ ነው። ሦስት ነገሮችን ግን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ በመግቢያው ስለ ከተማይቱ የምትናገሩት በጉባኤው ውስጥ ለሚሰማው ክፍል ብርሃን ይስጥ። ስለ መከፋፈል ስትሰብኩ ስለ ክብር ፉክክሯ ተናገሩ፤ ስለ ሥጋ ስትሰብኩ ስለ ገበያዋና ስለ ግብዣዋ ተናገሩ። ለየትኛውም ክፍል የሚያገለግል አንድ መግቢያ ለአንዱም አያገለግልም።

ሁለተኛ፣ ወደ መንገድ ዳር ከተሞች የሚላኩ ወጣት ወንጌላውያንን ስናዘጋጅ ከከተማይቱ ኃጢአት ዝርዝር በፊት ከተማይቱን እናስተምራቸው። ገበያዋ በየትኛው ቀን ይውላል? ቅሬዋ እንዴት ይሠራል? ሰርግ ሲደገስ ማን ለማን ያርዳል? ጳውሎስ በቆሮንቶስ ዓመት ከስድስት ወር ተቀምጦ እጁን ሠርቷል። ይህን የሚያውቅ ወንጌላዊ ሲሰብክ ይለያል።

ሦስተኛ፣ በምዕራፍ 16 ያለውን መዋጮ እንሰብክ። ቆሮንቶሳውያን በሩቅ ላሉት የኢየሩሳሌም ድሆች ከገቢያቸው በየሳምንቱ እንዲያስቀምጡ ተጠይቀዋል። የዛሬዋ የአገራችን ቤተ ክርስቲያን ከተማን በቆሮንቶስ ስም ከመክሰስ ይልቅ፣ እንደ ቆሮንቶስ ለጃራ ብታዋጣ መልእክቱን በይበልጥ ታዘዘች ማለት ነው።

በሐዋርያት ሥራ 18፥9-10 ጌታ ጳውሎስን በራእይ ሲያጽናናው ስለ ከተማይቱ ኃጢአት አልነገረውም። በዚህች ከተማ ብዙ ሕዝብ እንዳለው ነገረው። ይህን የሰማው ጳውሎስ ከምኵራብ ወጥቶ በጎረቤት ቤት በሚያስተምርበት ጊዜ ነው። ወደ ወልድያ፣ ወደ መርሳ ወይም ወደ ሌላ የመንገድ ዳር ከተማ ስትሄዱ፣ ከስትራቦን ወሬ ይልቅ ይህን የጌታ ቃል ይዛችሁ ግቡ።